ከቁፋሮው በፊት ስምምነቱ ይቅደም!

ድሬዳዋ ውሃ በጎደላት ቁጥር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሐረር ስትጠማም መልሱ ያው ነበር። ሐሮማያና አወዳይም የሄዱት በዚያው መንገድ ነው። ከተሞቹ ለየራሳቸው ሲቆፍሩ፣ ለየራሳቸው ሲስቡና ለየራሳቸው ሲቸገሩ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው። በዚህ ደረቅና በፍጥነት በሚያድግ ቀጣና ከሚቀጥለው ጉድጓድ በፊት መቅደም ያለበት፣ ውሃውን በሚጠጡት፣ በውሃው በሚያመርቱትና ውሃው በሚሰርግበት መሬት ላይ በሚኖሩት ሰዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ስምምነት የሌለው ቁፋሮ ጥሙን ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም። ይህ ግምት አይደለም፤ በሐሮማያ በዓይን ታይቷል።

የሐሮማያ ሐይቅ ከአንድ ትውልድ በፊት ዓሣ የሚጠመድበት፣ ጀልባ የሚቀዘፍበት ሰፊ ውሃ ነበር። የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ከእሱ ነበር። የሐሮማያና የአወዳይ ሰው ይጠጣበት ነበር። በዳርቻው ተመሥርቶ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የእርሻ ኮሌጅም ይገለገልበት ነበር። የዙሪያው ገበሬ ደግሞ በሞተር እየሳበ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን አምርቶ እስከ ጅቡቲና ሶማሊያ ገበያ ድረስ ይልክ ነበር፤ ከሁሉ አብልጦ ግን ጫቱን ያጠጣ ነበር። በበጋ የሚደርስ ጫት ዋጋው ከፍ ስለሚል ሞተሩ በብርቱ የሚሠራው ሐይቁ በሚጎድልበት ወራት ነበር። ከላይ ደግሞ ደኑ ከተራቆተው ኮረብታ በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር የሐይቁን ወለል በደለል ይሞላ ነበር። ከሥር እየተደለለ ከላይ እየተሳበ ሄዶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት የነበረው ቦታ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ።

ሐይቁን አደርቃለሁ ብሎ የተነሳ ማንም አልነበረም። የሐረር ነዋሪ የቀዳው ሊጠጣ ነው። ገበሬው የሳበው ልጆቹን ሊያሳድግ ነው። ለብቻው ተጠርቶ «አጥፊው አንተ ነህ» የሚባል ሰው ይህ ጋዜጣ አያውቅም። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአንድ ጋን ላይ ብዙ ቅል ሲወርድ፣ በጋኑ ስንት እንደቀረ የሚያይና «ይበቃል» የሚል፣ ሲልም ሁሉም የሚሰማው አካል አልነበረም። ከዚህ በላይ የሚያስቆጨው ሐይቁ የደረቀው ስለ አፈርና ስለ ውሃ በሚያስተምር ተቋም ደጅ መሆኑ ነው። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ዕውቀቱን ወደ ገበሬው ማሳ፣ ወደ ከተማው ምክር ቤትና ወደ ውሃ አገልግሎቱ የሚያሻግር የጋራ ውሳኔ ነው የጎደለው።

ቀጥሎ የሆነውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ገበሬው የሸሸውን ውሃ ተከትሎ በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ከከርሰ ምድር መሳቡን ቀጠለ። የሐረር ነዋሪ ውሃ በጀሪካን መግዛት ጀመረ፤ አቅም ያጣው ወረፋ ላይ ዋለ። በመጨረሻ መንግሥት በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በድሬዳዋ ቆላ ከሚገኘው ከሐሰሊሶ የጉድጓድ ውሃ ስቦ ለሐረር አመጣ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ ውሃው በመብራት ኃይል እየተገፋ ዳገቱን መውጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል፤ መስመሩ በሚያልፍባቸው አካባቢዎች አለመግባባት ሲነሳም ይቋረጣል። ለሐረር ሰው ይህ እፎይታ እንደነበር አንክድም። ነገር ግን ደጋ ላይ በስምምነት እጦት የጠፋው ውሃ፣ ዕዳው ቆላ ላይ ባለው ከርሰ ምድር ላይ ተጻፈ። የአንዱ ተፋሰስ ውድቀት የሌላው ተፋሰስ ሸክም ሆነ።

የድሬዳዋ ከርሰ ምድር ደግሞ የራሱ ሸክም ያለበት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የቆረቆራት ይህች ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ፣ ከተማ የሚያጠጣ ወንዝ የላትም። የምትጠጣው በሙሉ ከጉድጓድ የወጣ ነው፤ ለብዙ ዘመንም ሸክሙን የተሸከመው የሳቢያን የጉድጓድ መስክ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ድሬዳዋ ከገጠር ቀበሌዎቿ ጋር 251,864 ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. ቁጥሩ 341,834 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ባይካሄድም የሚወጡት ትንበያዎች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ያደርሱታል። አዲሱ የባቡር መስመር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹና በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጣና ሁሉም ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ ሠራተኛውም ውሃ ይፈልጋል። ዕድገቱን እንደግፋለን። ውሃውን ሳይቆጥሩ ዕድገቱን ማቀድ ግን የሐሮማያን ስህተት በትልቁ መድገም ነው።

ስለ መጠኑ ስንጮህ ስለ ጥራቱ እንዳንረሳ። የድሬዳዋ ሰው ውሃ ባፈላ ቁጥር በማንቆርቆሪያው የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ጠንካራ ነው፤ ቧንቧንም እያጠበበ ይዘጋል። ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። የሰው እጅ ያለበት ሌላው ነው። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ቤትና ሽንት ቤት የሳቢያንን ጉድጓዶች ከበቧቸው። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ናይትሬት መገኘቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ያሳዩት ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፤ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። አዲስ ጉድጓድ ራቅ አድርጎ መቆፈር ከተማዋ እዚያም እስክትደርስ ድረስ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጉዳዩን አይዘጋውም። በጉድጓዶች ዙሪያ ያለው መሬት ከግንባታ ነፃ ሆኖ የሚጠበቀው ሰፈሩ ራሱ ሲጠብቀው ነው። ደንብ አስከባሪ ቀን አፍርሶት የሚሄደውን ሌሊት ተመልሶ ሲሠራ አይተናል።

የዝግጅት ክፍላችን ከሁሉም በላይ ትኩረት እንዲሰጠው የሚፈልገው ጉዳይ ይህ ነው፤ የድሬዳዋ ውሃ የሚወርደው ድሬዳዋ ላይ አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል። ዝናቡ የሚዘንበው እዚያ ነው። ውሃው ከዚያ ወርዶ በአሸዋና በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ጉድጓዶቹን ይሞላል። ቀሪው በደቻቱና በሌሎቹ ደረቅ ወንዞች አልፎ ወደ ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ሜዳ ይወርዳል። ስለዚህ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቧንቧ የሚከፍተው ሰው ባለውለታ ገበሬ አለው። ዳገት ላይ ማሽላ የሚዘራው፣ እርከን የሚሠራው ወይም የሚተወው፣ ቁጥቋጦውን ለማገዶ የሚቆርጠው ወይም የሚያቆየው ሰው ነው። ያ ገበሬ የሚተዳደረው በኦሮሚያ ወይም በድሬዳዋ የገጠር ቀበሌ ነው፤ ውሃው የሚጠጣው ድሬዳዋና ሐረር ነው፤ ትርፉ የሚፈሰው ወደ ሶማሌ ክልል ነው። ውሃው አራቱን አስተዳደሮች ያገናኛል። እነሱ ግን እቅዳቸውን የሚያወጡት እየራሳቸው ነው።

ያ ተራራ ሲራቆት ምን እንደሚያደርግ ድሬዳዋ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወርዶ የተኙትን ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ተገቢም ነበር። ግን ግንቡ ጎርፉን ከከተማዋ አሳልፎ ይሰዳል እንጂ ውሃውን አያስቀርም። በበጋ ጀሪካን ይዘን ወረፋ የምንቆምለት ውሃ በክረምት በፊታችን እየገሰገሰ ያልፋል። ጎርፉና ጥሙ ከአንድ ተራራ የሚመጡ ናቸው። ተራራው ላይ የሚሠራ እርከን፣ ክትርና የተከለለ መሬት ሁለቱንም ያረግባል። በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም የሚያስገኝ ሌላ የውሃ ኢንቨስትመንት በዚህ ቀጣና አይገኝም፤ በጀቱ ግን አሁንም የሚያዘነብለው ወደ ቁፋሮው ነው።

ሰዎች ተባብረው ሲሠሩት ይህ እንደሚሳካ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በትግራይ፣ ውቅሮ አቅራቢያ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ በድርቅ ተመትቶ ነዋሪው ከቦታው ይነሳ የተባለበት ጊዜ ነበር። ነዋሪው አልነሳም አለ። ተራራውን ከከብት ከለለ፤ ቦረቦሩን በክትር ዘጋ፤ ጎርፉን የሚያሰርጉ ጉድጓዶች ቆፈረ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፤ ደርቆ የነበረው ሸለቆ ፍራፍሬና አትክልት አበቀለ። ቀበሌው እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ። በቦረና ደግሞ ቱላ ሰግላን የሚባሉት ዘጠኙ ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች እስከ ዛሬ የቆዩት በሥርዓት ነው። ከብቱ የሚጠጣበትን ተራ የሚያስከብር አባ ሄረጋ አለ፤ ጉድጓዱን የሚያጸዳ፣ የሚጠግን፣ የሚቀዳ ሰው በየድርሻው ይሰለፋል። ለተጠማ ሰው መጠጥ አይከለከልም። ከብት ግን ያለ ተራው አይጠጣም። ከአውሮፓም ከአሜሪካም የሚመጣ አማካሪ ከዚህ የጠነከረ የውሃ አስተዳደር አያስተምረንም።

የሐሮማያ ሐይቅ ራሱ ሌላኛው ማስረጃ ሆኗል። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል። ዝናቡ መልካም መሆኑ ረድቷል። ከዚያ በፊት ግን የአካባቢው ሕዝብ ከዩኒቨርሲቲውና ከመንግሥት ጋር ሆኖ ኮረብታውን አልብሷል፤ ደለሉንም ጠርጓል። ተስፋ የሚሰጠውን ያህል ስጋትም አለው። ሐይቁ ሲመለስ ሞተሩም መመለሱ አይቀርም። ስንት ሞተር፣ በየትኛው ወር፣ እስከ የትኛው ልክ ድረስ እንደሚስብ የዳርቻው ገበሬዎች፣ ከተሞቹና ዩኒቨርሲቲው ተቀምጠው ካልቆረጡ፣ ሐይቁ ለሁለተኛ ጊዜ እንደማይደርቅ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስም ለዚህ ጉዳይ ትጠቀሳለች። በበረሃ መሐል የተተከለች፣ ሕዝቧ በፍጥነት የሚያድግ ከተማ ናት፤ ከውሃዋ ዘጠና በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአካባቢው ያሉ ሰባት የውሃና የፍሳሽ ተቋማት ሽሚያውን ትተው የደቡባዊ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን የሚባል አንድ አካል አቋቋሙ። ነዋሪው ለጌጥ የተከለውን ሣር ሲነቅል ገንዘብ ይከፈለዋል። በየቤቱ ውስጥ ጥቅም ላይ የዋለው ውሃ ተጣርቶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ሲጨምር ከወንዙ የሚወስዱት መጠን ቀንሷል። የእኛ ችግር የሣር ሜዳ አይደለምና ዘዴያቸውን እንዳለ መገልበጥ አይጠቅመንም። መውሰድ ያለብን ሰባቱ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸውን ነው።

ስለ ቁጠባ ስንናገር ማን ይቆጥብ የሚለውን በግልጽ መናገር ይገባል። በድሬዳዋ፣ በመጋላም በገንደ ቆሬም ሰፈር፣ ከቦኖ በጀሪካን ቀድታ ቤተሰብ የምታስተዳድር እናት የምትቆጥበው የላትም። እሷ በየቀኑ እየቆጠበች ነው፤ በአንድ ውሃ አትክልት አጥባ፣ በዚያው ወለል አጥባ፣ የቀረውን ለተክል ታፈሳለች። ቁጠባው ከእሷ ከጀመረ ፍትሕ የለውም፤ የሚገኘውም ውሃ ኢምንት ነው። መጀመር ያለበት ከመሬት ሥር ተቀብሮ ሌት ተቀን ከሚያፈሰው የመስመር ስብራት ነው። ቀጥሎ የራሳቸውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ከሚስቡ ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎችና ትልልቅ ግቢዎች። እያንዳንዱ ጥልቅ ጉድጓድ ቆጣሪ ይኑረው፤ የሚስበው መጠንና የውሃው ከፍታ በየወሩ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይለጠፍ። ሕዝብ ያላየውን ነገር ጠብቅ ማለት አይቻልም። ሮቶ መግዛት የቻለው ውሃ በመጣ ቀን አጠራቅሞ ፈረቃውን ይሻገራል፤ ያልቻለው ግን ፈረቃው በተዛባ ቁጥር ይጠማል። ስለዚህ የፈረቃ ሰሌዳን ማክበር ራሱ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ወደ ገበሬው ስንመጣ ክርክሩ ይከብዳል፤ ልንሸሸው ግን አይገባም። በሐረርጌ ደጋ የአንድ ቤተሰብ መሬት ጠባብ ነው፤ ጫት ደግሞ በዚያች ጠባብ መሬት ላይ እጅ በእጅ ገንዘብ የሚያመጣ ተክል ነው። «ሞተርህን አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ከከተማ ወጥቶ ቢደርሰው የሚሰማው ትእዛዝ አይሆንም፤ በልጁ እንጀራ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው የሚሆነው። ከተማው ከገበሬው የሚፈልገው ነገር ካለ የሚሰጠው ነገርም ሊኖር ይገባል። ድሬዳዋና ሐረር ከውሃ ሂሳባቸው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለይተው ለላይኛው ተፋሰስ ያውሉ ዘንድ ይህ ጋዜጣ ሐሳብ ያቀርባል። ገንዘቡ ለእርከን ጥገና፣ ለተከለለው መሬት ጠባቂ፣ ለችግኝና ለጠብታ መስኖ ዕቃ ይውላል። በሴፍቲኔት የተሠሩ ብዙ እርከኖች በሥራ ቀን ተሠርተው በማግስቱ ባለቤት ያጡት፣ ለጠገናቸው ሰው የሚደርስ ጥቅም ስላልነበረ ነው። ጥቅሙ ከታች ወደ ላይ ከፈሰሰ ውሃውም ከላይ ወደ ታች ይፈሳል።

«ሕጉስ?» ለሚል መልስ አለን። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዳለውም ያስቀምጣል። ከባህላዊ አጠቃቀምና በእጅ ከሚቆፈር ጉድጓድ በቀር ውሃ መጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ውሃቸውን እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል። እንግዲህ ሕግ የለም ተብሎ የሚቀመጥ ምክንያት የለም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከተፋሰሱ ሰዎች ጋር ሳይመክር የሚሰጠው ፈቃድ ግን ሕጋዊ ቢሆንም የውሃውን ልክ ያወቀ አይደለም።

ለዚህ ምክክር የጋራ ምክር ቤት ይቋቋም እንላለን፤ የባለሥልጣናት ስብሰባ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርም እናሳስባለን። አራቱ አስተዳደሮች፣ የውሃ አገልግሎቶቹ፣ ሐሮማያና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ይግቡበት። ከእነሱ ጋር በእኩል ድምፅ የዳገቱ ገበሬ፣ የሐሰሊሶና የሲቲ አርብቶ አደር፣ ቦኖ የምትቀዳ ሴት፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ይቀመጡ። ምሥራቁ የመደራጀት ባህል አያንሰውም። አፎሻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሐዘንተኛን ሲያጽናና፣ ሙሽራን ሲድር፣ ሰፈርን ሲያስታርቅ ኖሯል። ዕድሩም እንዲሁ። እነዚህ ማኅበሮች የየሰፈራቸውን የመስመር ስብራት ቢያስታውቁ፣ የጉድጓድ ክልሉን ቢጠብቁ፣ የጣራ ውሃ ማጠራቀሚያ በጋራ ገዝተው ለአቅመ ደካማ ቢተክሉ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት ወደ ተራራው ወጥተው ከገበሬው ጋር እርከን ቢጠግኑ፣ የትኛውም መሥሪያ ቤት ብቻውን የማይሠራው ሥራ ይሠራል።

የድሬዳዋ አስተዳደር፣ የሐረሪ፣ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች በመጪው በጀት ዓመት አዲስ የጉድጓድ ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የእያንዳንዱን ጥልቅ ጉድጓድ ልክ ለሕዝብ ያሳውቁ፤ ለላይኛው ተፋሰስ የሚውል ቋሚ ገንዘብም ይመድቡ። ነዋሪውም ይህ እስኪሆን ድረስ በየቀበሌው ስብሰባ ደጋግሞ ይጠይቅ!